ታክሲው ውስጥ ማን አለ? (ስለ ቃና፣ ስለ ምስልና ስለ ቀልድ)

ባለፈው ቅዳሜ ረፋድ ላይ አራት ኪሎ አንዲት ካፌ በረንዳ ላይ ሶስት ሆነን ተቀምጠናል፣ እኔ፣ የእህቴ ልጅ፣ እና ሰፈር ውስጥ ሁሉም ሰው "ጋሼ" ብቻ የሚላቸው ጡረተኛ ጎረቤታችን። ልጁ ዘንድሮ የ12ኛ ክፍል ተፈታኝ ስለሆነ ወርክሺቱን ከእጁ አይለይም፣ እና የእንግሊዝኛው ምንባብ ላይ አንድ ጥያቄ ገትሮ ይዞታል። ምንባቡን አንብበህ ስትጨርስ የደራሲው ቶን ምንድነው ይልሃል፣ ሀ ሀዘን፣ ለ ቁጣ፣ ሐ ቀልድ፣ መ ምንም ስሜት የሌለው። "አጎቴ ይሄን እንዴት ነው የማውቀው፣ ደራሲውን አላውቀው፣ ሲናገር አልሰማሁት" አለኝ። እውነቱን ነው እኮ፣ እኛም በጊዜያችን ገምተን ነው ያለፍነው፣ ማንም ቁጭ አድርጎ እንዴት እንደሚታወቅ አላስረዳንም።

እኔ ደግሞ አዋቂ ለመምሰል ስልኬን አወጣሁና ሰሞኑን አንድ የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ያገኘኋትን ካርቱን አሳየሁት። ስዕሉ ጥቁርና ነጭ ነው። የታክሲ ሰልፍ ነው፣ የኛው ረጅም ሰልፍ። ከኋላ፣ ማለትም በስዕሉ ግራ ጫፍ፣ ዩኒፎርም የለበሰ ትንሽ ልጅ ቆሟል። ከሱ ፊት ጎረምሳ፣ ከዛ የምረቃ ጋዋን የለበሰ ወጣት፣ ከዛ ልጅ ያዘለ አባወራ፣ እንዲህ እንዲህ እያለ ወደ ቀኝ ሲሄድ እድሜው ይጨምራል፣ የመጨረሻው ማለት ሰልፉ ፊት ላይ ያለው ምርኩዝ የያዘ ሽማግሌ ነው። ሁሉም አንገታቸው ላይ ቀይ ሻርፕ አላቸው፣ ስዕሉ ውስጥ ያለው ቀለም እሱ ብቻ ነው። ሚኒባሱ በሩን ከፍቶ ቆሟል፣ ረዳቱ መዳፉን ዘርግቶ "ሞልቷል" ይላል። በቃ ይሄው ነው።

ጋሼ መነፅራቸውን አድርገው ትንሽ አዩትና "ምኑ ነው የሚያስቀው? ሽማግሌውን አቁሞ ማንን ጭኖ ነው የሚሄደው?" አሉ። ልጁ ሳቁን ሊይዝ ማኪያቶው ውስጥ አፍንጫውን ከተተ። እኔም በውስጤ "አይ ጋሼ፣ ታክሲ ታክሲ ነው ለሳቸው" አልኩ። ይሄን አስቡልኝ፣ በኋላ እመለስበታለሁ።

መጀመሪያ ልጁን ያስቸገረችው ቃል። ቶን የሚሉት በአማርኛ ቃና ነው፣ ቃና ደግሞ ሁለት ቦታ ነው የሚሰራው፣ ምላስ ላይና ጆሮ ላይ። የጠላው ቃና ይባላል፣ የዜማው ቃና ይባላል። የልጁ ጥያቄ መልሱ እዚህ ውስጥ አለ ብዬ ነው የማስበው፣ ምክንያቱም ጠላ ቀምሰህ "ጌሾ በዝቶበታል" ለማለት ጠማቂዋን ማወቅ አያስፈልግህም፣ ጌሾው ያለው ብርጭቆው ውስጥ ነው። የደራሲውም ስሜት እንደዛው፣ ደራሲው ልብ ውስጥ ገብተህ አትፈልገውም፣ የመረጠው ቃል ላይ፣ የተወው ነገር ላይ፣ ያጋነነው ላይ፣ ማንን አንቱ ማንን አንተ እንዳለ ላይ ነው የሚገኘው።

እንደውም በዚህ በኩል አማርኛ ተናጋሪ የታደለ ነው። እናቴ "አንተ" ስትለኝ ሰላም ነው። "ጌታው የት አምሽተው ነው?" ካለችኝ ግን አልቆልኛል፣ እራቱም ቀዝቅዟል። አክብሮቱ ከፍ ያለው ንቀቱን ወይ ቁጣውን ሊሸከም ነው። ወንድ ጓደኛህን "አንቺ" ስትለው እንደ ቦታው ፍቅርም ስድብም ይሆናል፣ ለሴት ልጅ "አንተ" ሲባል ደግሞ ብዙ ጊዜ ማቆላመጥ ነው። ተረቱ ውስጥ ጅብ "አያ ጅቦ" ነው፣ ጦጣ "እንኮዬ ጦጢት" ናት፣ ለዛ ሆዳም አውሬ የታላቅ ወንድም ማዕረግ የተሰጠው ለምን ይመስላችኋል? ማዕረጉና ስራው ስለማይገጥሙ ነው ገና ስሙ ሲጠራ ህፃናት ከንፈራቸው ላይ ፈገግታ የሚመጣው።

አንድ ልጅ ብርጭቆ ሰበረ እንበል፣ እናት ከጓዳ "ጎሽ! አንድ ቀርቷል እሱንም ስበረው" ብላ ጮኸች። የሶስት አመት ልጅ ሊታለልና ሁለተኛውን ሊሰብር ይችላል፣ የሰባት አመቱ ግን አይታለልም። በምን አወቀ? አንደኛ ነገሩና ቃሉ አልገጠሙም፣ ብርጭቆ ተሰብሮ ጎሽ አይባልም። ሁለተኛ ምስጋናው ከልኩ በላይ ነው፣ ማንም እናት ቀሪውንም ስበር አትልም። ሶስተኛ ደግሞ ድምጿ። ወረቀት ላይ ሶስተኛው የለም፣ ስለዚህ ፀሀፊው የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ማጠንከር አለበት፣ አንባቢው ደግሞ እነሱን መፈለግ አለበት፣ ቃና ማንበብ የሚባለው ባብዛኛው ይሄ ነው፣ በተባለውና ባለው መሀል ያለውን ክፍተት ማየት።

አንድ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር ልንገራችሁ። በኛ ፅህፈት ለዚህ ሲባል ምልክት ነበረ፣ አሁንም አለ። ትእምርተ ስላቅ ይባላል፣ ቃለ አጋኖን ገልብጠህ በራሱ ስታቆመው ማለት ነው፣ እንዲህ ¡ ከአረፍተ ነገሩ መጨረሻ ይቀመጥና "ይሄን የምሬን እንዳይመስልህ" ይላል። በልጆች መፅሀፍ፣ በግጥምና በጋዜጣ ካርቱን ላይ ሲጠቀሙበት ኖረዋል። ስፔኖች ያንኑ ምልክት አረፍተ ነገር ሲጀምሩ ለሌላ ስራ ነው የሚያውሉት፣ ስላቅ ምናምን አያውቀውም። እኛ ምልክቱን ኪቦርድ ላይ ስናጣው በምትኩ "ቂቂቂ" እና "ሃሃሃ" መፃፍ ጀመርን፣ ኮመንት ላይ ሰው የሚጣላው ግማሹ በዚህ ምክንያት ይመስለኛል።

ቀልድ ላይ ስንመጣ "ቀልድ ነው" ብቻ ማለት "ወጥ ነው" እንደማለት ነው፣ የምን ወጥ? የአማርኛ የሳቅ መዝገብ ሰፊ ነው እኮ። ተረብ ፊት ለፊት ነው፣ የሚተረበው ሰው እዛው ቁጭ ብሏል፣ መልሶ መተረብም ይችላል፣ ስለዚህ ጨዋታ ነው። አሽሙር ሌላ ነው፣ የሚነካው ሰው ይሰማል ግን አልተጠራም፣ አፉን ከከፈተ "አንቺን አላልኩም፣ ነው እንዴ?" ይባላል፣ ስለዚህ ዝም ብሎ ይዋጠዋል፣ ጭካኔው እዛ ላይ ነው። ሙድ መያዝ የምንለው ደግሞ ሁሉም ሰው እያወቀ ባለጉዳዩ ብቻ ሳያውቅ ነው። ለበጣ የውሸት ፈገግታ ያለበት ነው። ስላቅ ጥርስ አለው፣ ሊያርም ወይ ሊያዋርድ ይነክሳል። ምፀት ደግሞ ከሰው አፍ መውጣት ሁሉ የለበትም፣ ነገሩ ራሱ ሲገለበጥ ነው፣ እሳት አደጋ መስሪያ ቤት ሲቃጠል ዓይነት። ልብ በሉ፣ እነዚህን የሚለያቸው የሳቁ መጠን አይደለም፣ ማን ያውቃል፣ ማን አያውቅም፣ በማን ነው የሚሳቀው፣ መመለስስ ይችላል ወይ የሚለው ነው። ካርቱን ስታዩ መጀመሪያ ይሄን ብትጠይቁ ግማሽ መንገድ ሄዳችኋል።

ሰው ለምን ይስቃል የሚለው ላይ ፈላስፎቹ ብዙ ብለዋል፣ ሆብስ በ17ኛው ክፍለ ዘመን (ዘመኑን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምቆጥረው) ከሌላው በልጬ ታየሁ ብሎ ድንገት ሲሰማው ነው አለ፣ ካንት የጠበቀው ነገር ድንገት ባዶ ሲሆንበት ነው አለ፣ የስነ ልቦናው ሰው ፍሮይድ ደግሞ በ1905 ባወጣው መፅሀፍ የታፈነ ነገር ሲለቀቅ ነው አለ። ሶስቱም የሆነ የሆነ ቀልድ ላይ ይሰራሉ፣ ሁሉም ቀልድ ላይ የሚሰራ የለም፣ እኔ ለራሴ ካንት ይቀርበኛል፣ በዚህ ብዙ አልቆይም።

ምሳሌ ይሻላል። አንድ ሚኒባስ ውስጥ "ፍቅር ካለ አንድ ወንበር ለአራት ይበቃል" የሚል ጥቅስ ተለጥፎ አየሁ። ከኋላ ወንበር አራተኛ ሆኜ ተጣብቄ ነው ያነበብኩት ደግሞ። ይሄ የሚያስቀው "ፍቅር ካለ አንድ ባቄላ ለዘጠኝ ይበቃል" የሚለውን ለሚያውቅ ሰው ብቻ ነው። ተረቱ ስለመካፈል ነው፣ ጥቅሱ ስለ ሂሳብ ነው። ሌላም ነገር አለው፣ የሚናገረው ማን ነው? የሚያተርፈው ሰውዬ ራሱ ነው በፍቅር ድምፅ የሚያወራው፣ እና ያንን ሳይደብቅ ስላወራው ተናደህም ትስቃለህ። ጥቅሱ ላይ "እባካችሁ ተጠጉ ገንዘብ እንፈልጋለን" ቢል እውነት ነበር ግን ቀልድ አይሆንም።

የአለቃ ገብረ ሃና ቀልዶች ደግሞ አብዛኞቹ ሰዋስው ላይ ነው የቆሙት። በአፍ ከሚወራው አንዱ፣ አህያ እየነዳች የምትሄድ ሴት መንገድ ላይ ያገኛሉ፣ "እንደምን ዋላችሁ" ይሏታል፣ እሷም ደህና ብላ መልሳ ታልፋለች፣ ትንሽ ከሄደች በኋላ ነው የሚገባት። ብቻዋን ነበረች እኮ። "ችሁ" ውስጥ አህያዋ ገብታለች። አንድም የስድብ ቃል የለም፣ ስድቡ ያለው የግስ ጭራ ላይ ነው። እስቲ ይሄን ወደ እንግሊዝኛ ተርጉሙት፣ ለአንድ ሰውም ለብዙ ሰውም ሰላምታው አንድ ስለሆነ ቀልዱ እዛው ይሞታል። ለዛም ነው የሌላ ሀገር ካርቱን አይተን "ይሄ ደግሞ ምኑ ያስቃል" የምንለው፣ ብዙ ጊዜ እኛ ደደብ ስለሆንን ወይ እነሱ ደረቅ ስለሆኑ አይደለም፣ የሆነች "ችሁ" አምልጣን ነው።

ምስልም እንደዛው ሀገር አለው። ፈረንጅ ጉጉት መነፅር አድርጋ መፅሀፍ ላይ ተቀምጣ ከሳለ ጥበብ ማለቱ ነው፣ እኛ ጋ ግን ጉጉት ጣራ ላይ ከጮኸች እናቶች ያማትባሉ። ሰጎን ጭንቅላቷን አሸዋ ውስጥ ከቀበረች እውነትን የሚሸሽ ሰው ማለታቸው ነው (ሰጎን በእውነት እንደዛ አታደርግም፣ ግን ምስሉ ተጣብቋል)። እዚህ የቤተክርስቲያን ጉልላት ላይ ቀና ብላችሁ ብታዩ ብዙ ቦታ የሰጎን እንቁላል አለ፣ ሲተረጎም ሰጎን ዓይኗን ከእንቁላሏ አትነቅልም፣ እግዚአብሔርም እንደዛ ይጠብቀናል ነው የሚባለው። አንዲት ወፍ፣ እዛ ማየት የማትፈልግ፣ እዚህ ዓይኗን የማትነቅል። ሄዋን ለአዳም የሰጠችውን ፍሬ እነሱ ቀይ ፖም አድርገው ነው የሚስሉት፣ ለኛ ደግሞ በለስ ናት።

በለስ ካልኩ አይቀር ይቺን የታወቀች ግጥም ላንሳ፣

እፀ በለስ በልቶ አዳም ከንፈርሽ
መድኃኔዓለም ልቤ ተሰቀለልሽ

ሰሙን ብቻ ብትሰሙ የቤተክርስቲያን ትምህርት ነው፣ አዳም በለስ በላ፣ መድኃኔዓለም ተሰቀለ። ወርቁ ግን ልጅቷ ከንፈር ላይ ነው ያለው። አዳም ከንፈሯ ነው፣ መድኃኔዓለም የሰውዬው ልብ ነው፣ "ተሰቀለ" የምትለዋ ቃል መሀል ላይ ቆማ ሁለቱን ታገናኛለች፣ ምክንያቱም ልብም ይሰቀላል፣ የምትወዳትን ልጅ ስትጠብቅ ልብህ ይንጠለጠላል። አሁን ቃናው ምንድነው? ሰሙ ከባድ ነው፣ ወርቁ ማሽኮርመም ነው፣ ሁለቱ አንድ ላይ ሲሆኑ ትንሽ ድፍረት አለው፣ ፍቅሩን የዛን ያህል ከፍ አድርጎ መስቀል ላይ ማውጣቱ ያስፈግጋል ያስደነግጣልም። ያቺን ድንጋጤ ለማግኘት ሁለቱንም በአንድ ጊዜ መያዝ አለባችሁ። "ወርቁን አገኘሁት" ብሎ ሰሙን የሚጥል ሰው ግጥሙን አላነበበም፣ ፈታው እንጂ።

ካርቱን ይሄንን ነው በእርሳስ የሚሰራው። ቃሉ ራሱ ደስ የሚል ታሪክ አለው፣ ካርቱንና መርካቶ የሚሸጠው ካርቶን እህትማማች ናቸው፣ ሁለቱም ከጣልያንኛው ካርቶኔ ነው የመጡት፣ ወፍራም ወረቀት ማለት ነው። ድሮ ሰዓሊዎች ግድግዳ ላይ ከመሳላቸው በፊት ወፍራም ወረቀት ላይ ልክ በልኩ ይነድፉ ነበር፣ ንድፉ ካርቱን ይባል ነበር፣ የሚያስቅ ነገር የለውም። በ1843 ለንደን ውስጥ ለአዲሱ ፓርላማ ግድግዳ የሚሆኑ ትልልቅ ንድፎች ለኤግዚቢሽን ቀረቡ፣ ፓንች የሚባለው የፌዝ መፅሄት ደግሞ እኛም ካርቱን አለን ብሎ የጆን ሊችን ስዕል አወጣ፣ የተቀዳደደ ልብስ የለበሱ ድሆች ያሸበረቁ ስዕሎች ፊት ቆመው የሚያዩበት፣ እንጀራ ለጠየቀ ሰው ስዕል ተሰጠው ዓይነት። ከዛ በኋላ ነው ካርቱን የአሁኑን ትርጉሙን የያዘው። ስለዚህ ስሙ ራሱ ሲወለድ ስላቅ ነበር ማለት ነው።

ምስል ከተጣበቀ አይለቅም። በ1831 ፈረንሳይ ውስጥ ሻርል ፊሊፖን የሚባል ሰውዬ ንጉሱን ሉዊ ፊሊፕን ሰድበሀል ተብሎ ፍርድ ቤት ቀረበ፣ እዛው የንጉሱን ፊት ሳለ፣ ቀጥሎ ትንሽ ቀየረው፣ ቀጥሎ ትንሽ፣ አራተኛው ላይ ፊቱ ፒር የሚባለው ፍሬ ሆነ፣ እና "የቱ ጋ ነው ወንጀሉ የጀመረው" አላቸው። ከመቀጣት አላዳነውም። ግን ከዛ በኋላ ፓሪስ ውስጥ ግድግዳ ላይ አንድ ፍሬ መሳል ብቻ ንጉሱን መሳል ሆነ። ወርቁ አንዴ ከታወቀ ሰሙ ብቻውን ይበቃል።

የቃናና የምስል ጋብቻ ማየት ለሚፈልግ ደግሞ ዴቪድ ሎው በመስከረም 1939 (በፈረንጅ) የሳለው አለ። ሂትለርና ስታሊን በነሀሴ ተዋውለው በመስከረም ፖላንድን ከሁለት በኩል ገቡባት፣ ሎው ሁለቱን መሬት ላይ ከወደቀ ሬሳ ወዲህና ወዲያ ቆመው ባርኔጣቸውን አንስተው እጅ ሲነሳሱ ሳላቸው። አንዱ "የምድር አተላ እርስዎ ነዎት መሰለኝ?" ይላል፣ ሌላው "የሰራተኛው ነፍሰ ገዳይስ እርስዎ ነዎት ልበል?" ይላል። ሁለቱ ከመዋዋላቸው በፊት አንዳቸው ሌላቸውን ሲሰድቡ የከረሙትን ስድብ ነው ወደ ሰላምታ የቀየረው። በአማርኛ እንደውም ያምርበታል፣ "እርስዎ" የምትል ቃል ስላለችን። ስድቡን አውጥታችሁ ተራ ሰላምታ ብታደርጉት የሚያሳዝን የጦርነት ስዕል ነው፣ ጎንበስ ማለቱን አውጥታችሁ ቡጢ ብታደርጉት ተራ ፕሮፓጋንዳ ነው። የሚያንገበግበው ትህትናው ነው፣ እናቴ "ጌታው" ስትለኝ እንዳለው ዓይነት፣ ልዩነቱ እዚህ መሬት ላይ ሰው ወድቋል።

አሁን ያደረግኩትን አያችሁ? አንድ ነገር አውጥቶ ወይ ቀይሮ ስሜቱ ሲለወጥ ማየት። ለልጁም ያልኩት ይሄን ነው፣ ቶኑ ምንድነው ስትባል ዝም ብለህ አትገምት፣ አንድ ቃል በልብህ ቀይርና እይ። "ሰውዬው ሞተ" የነበረውን "ሰውዬው አረፈ" አድርገው፣ "ድፍት አለ" አድርገው። ከተለወጠ ቃናው እዛ ቃል ላይ ነበር ማለት ነው። ምንም ካልተለወጠ ሌላ ቦታ ፈልግ። ልብ ወለድ ላይ ደግሞ ተጨማሪ ጥንቃቄ አለ፣ የሚተርከው ሰውዬና የፃፈው ሰውዬ አንድ አይደሉም። ስዊፍት በ1729 የአየርላንድ ድሆች ልጆቻቸውን ለሀብታም ምግብነት ቢሸጡ ችግሩ ይቃለላል ብሎ ዋጋ እያሰላ፣ አሰራሩን እያብራራ፣ በጣም በተረጋጋ የቢሮ ሰው ድምፅ የሚያቀርብ ፅሁፍ አውጥቷል። የሚተርከው ሰው የምሩን ነው። ስዊፍት ግን በዛ መረጋጋት በኩል በሀብታሞቹ ላይ እየጮኸ ነበር፣ ድምፁ በተረጋጋ ቁጥር ጩኸቱ ይብሳል። ምርጫው ላይ "ምንም ስሜት የሌለው" የሚል ካለ ብዙ ተማሪ እሱን ነው የሚያጠቁረው።

ታዲያ ሁሉም ነገር ወርቅ አለው ብሎ መቆፈርም በሽታ ነው። ያቺ የታክሲ ካርቱን ስር አንዱ ሰውዬ ረጅም ኮመንት ፅፏል፣ ታርጋው ላይ ኮድ 1 መፃፉ "አንድ ሆነን" ለማለት ነው ምናምን። ወንድሜ፣ የታክሲ ታርጋ ኮድ 1 ሆኖ ነው የኖረው፣ ሰዓሊው ሌላ ምን ይፃፍ? ሁልጊዜ እንደዛው የሚሆን ነገር ብዙም አይናገርም። ሻርፑ ግን ይናገራል፣ ስዕሉ በሙሉ ጥቁርና ነጭ ሆኖ ሳለ ሰዓሊው ቀይ ቀለም ፈልጎ ሁሉም አንገት ላይ ደጋግሞ አስሮታል፣ ለፍቷል፣ በከንቱ አይለፋም። ሻርፑ ሁሉም ሰዎች አንድ ሰው መሆናቸውን ነው የሚነግረን። ሰልፉ ሰልፍ አይደለም፣ እድሜ ነው። በዩኒፎርም ገብቶ በምርኩዝ ሰልፉ ፊት ደረሰ፣ ሲደርስ ሞልቷል ተባለ።

ይሄን ለልጁ ሳስረዳው በጣም ነው የተመቸኝ። "ስለዚህ ቃናው ሀዘን ነው" አልኩት፣ "እየው መስመሮቹ ለስላሳ ናቸው፣ ረዳቱ ፊቱ ክፉ አይደለም፣ እንደውም ያዘነ ይመስላል፣ ጥርሱን አሹሎ ቢስለው ኖሮ ቁጣ ይሆን ነበር፣ እዚህ ጋ የሚወቀስ ሰው የለም፣ ህይወት እንዲህ ናት ነው የሚለው።" ልጁ አንገቱን ነቀነቀ፣ ሀን ሊያጠቁር እርሳሱን አነሳ።

ጋሼ በዚህ ሁሉ መሀል ስልኩን አልመለሱልኝም ነበር። በሁለት ጣት ማጉላት ቅርብ ጊዜ ነው የለመዱት፣ አጉልተው አጉልተው የሆነ ቦታ ላይ ቆመዋል። "እኔ የጠየቅኩትን እኮ አልመለስክልኝም" አሉ። "የቱን ጋሼ?" "ማንን ጭኖ ነው የሚሄደው ያልኩህን።"

ወደኔ አዞሩት። የታክሲው መስኮት ነው። ውስጥ ያሉትን ተሳፋሪዎች እኔ ጥላ ነው ብዬ ነው ያለፍኳቸው፣ ለካ ፊት አላቸው። ሁሉም ወደ ጎን ዞረዋል፣ የሁሉም አንድ ዓይን ብቻ ነው የሚታየው።

"የድሮ ቤተክርስቲያን ስትገባ ግድግዳውን አታይም እንዴ" አሉኝ ጋሼ። "ቅዱሳኑ ወዳንተ ዞረው በሁለት ዓይናቸው ነው የሚያዩህ። ይሁዳን አይተኸዋል? ሰይጣንን አይተኸዋል? ባንድ ዓይን ነው። የአድዋን ስዕል አይተህ የለ፣ የኛዎቹ ባለ ሁለት ዓይን፣ ጣልያኖቹ በጎን።" እውነታቸውን ነው፣ የኛ የድሮ ስዕል አብዛኛውን ጊዜ እንደዛ ነው፣ ደጉ ሙሉ ፊት፣ ክፉው ገፅታው በጎን። እኔ ስለ ለንደን ፓርላማና ስለ ፓሪስ ፍሬ ሳወራ ከካፌው የሃያ ደቂቃ መንገድ ላይ ያለውን ግድግዳ ረስቼዋለሁ። ሰዓሊው ግን አልረሳውም። መለስ ብዬ ሳየው ሰልፉ ላይ ያሉት ሰባቱም ሙሉ ፊታቸው ወደኛ ነው፣ ሰው ሰልፍ ላይ ሲቆም እኮ የሚያየው የፊተኛውን ጀርባ ነው፣ ወደኛ ሊዞር አይችልም፣ ያንን እንኳን ልብ አላልኩም። አንዳቸውም መስኮቱ ላይ ካሉት ሻርፕ የላቸውም፣ ማለትም ሰልፉን አልተሰለፉም።

"ረዳቱስ?" አለ ልጁ።

"ረዳቱ ምስኪን ነው፣ ሁለት ዓይን አለው" አሉ ጋሼ፣ ስልኩን መለሱልኝና የቀዘቀዘ ሻያቸውን ጠጡ።

ልጁ ወርክሺቱን አየ፣ እኔን አየኝ። "እና አጎቴ፣ የዚህኛው ሀ ነው ለ?"

"ሁለቱም የሚል የለም?" አሉት ጋሼ።

"የለም ጋሼ፣ አንዱን ብቻ ነው ማጥቆር የሚቻለው።"